እጃቸው ቀላል ስለሆነ ታላቅ አይደሉም?

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ተንታኝ የምንጊዜም አሥር ታላላቅ ቦክሰኞቹን ዘረዘረ። ዊሊ ፔፕ የለም። ፐርኔል ዊታከር የለም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ አላመነታም። ተጋጣሚውን መዘረር የማይችል ቦክሰኛ ጎበዝ ሊባል ይችላል፣ ታላቅ ግን አይባልም አለ። አጠገቡ የተቀመጡትም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድም ሰው "ቆይ እንጂ" አላለውም።

ከተራ ደጋፊ አፍ ቢወጣ ኖሮ ሰምቼ አልፈው ነበር። ስለ ቦክስ መናገር ሥራው ከሆነ ሰው ሲመጣ ግን ያበሳጫል።

ከራሱ ዝርዝር እንጀምር። አናቱ ላይ ያስቀመጠው መሐመድ አሊን ነው። ጥሩ። አሊ ኬን ኖርተንን በ1973ም በ1976ም ያሸነፈው በነጥብ ነው (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1974 መጀመሪያ ላይ ጆ ፍሬዚየርን የተበቀለውም በነጥብ ነው። በዚያው ዓመት ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን ዘረረ፣ እውነት ነው። ግን እስከ ስምንተኛው ዙር አስለፍቶ፣ ጉልበቱን ጨርሶለት ነው የዘረረው። አሊ በአንድ ምት ሰው የሚያስተኛ ቦክሰኛ አልነበረም። ታላቅ ያደረገው እግሩ፣ ዓይኑና ጭንቅላቱ ነው። እንግዲህ መለኪያው የራሱን አንደኛ ካልመዘነለት ምን ሊመዝንለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ ሰውና መሰሎቹ ፈጽሞ የማያዩት አንድ ነገር አለ። እጁ ከባድ የሆነ ቦክሰኛ ላጲስ አለው። ሲሳሳት ያጠፋል። አሥር ዙር ሙሉ ሲበለጥ አምሽቶ በአንድ ቡጢ ሁሉንም ይሰርዘዋል። ፎርማን በ1994 ከማይክል ሙረር ጋር ሲገጥም 45 ዓመቱ ነበር። ዘጠኝ ዙር ሙሉ ተበልጧል። በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ላይ ወደኋላ ቀርቷል። አሥረኛው ዙር ላይ አንድ ቀኝ አሳረፈ፣ አለቀ። ዲዮንቴይ ዋይልደርም በ2019 ከሉዊስ ኦርቲዝ ጋር በሁለተኛው ፍልሚያቸው እንዲሁ ነው። ስድስት ዙር ሲመራ የቆየው ኦርቲዝ ነበር። በሰባተኛው አንድ ቀኝ መጣ፣ የቀደመው ሁሉ ከንቱ ሆነ።

እነዚህን ድሎች አላጣጥልም። ከመቀመጫዬ ዘልዬ የጮህኩባቸው ናቸው። ግን እስቲ ይህ ላጲስ የሌለውን ሰው አስቡት። የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች ከተበለጠ፣ ተበለጠ። የሚያድነው ቡጢ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ትክክል መሆን አለበት። 12 ዙር በሦስት ደቂቃ 36 ደቂቃ ነው። በፔፕ ዘመን ደግሞ የሻምፒዮና ፍልሚያ 15 ዙር ነበር፣ 45 ደቂቃ። በእያንዳንዷ ደቂቃ የቆመበትን ቦታ፣ የተጋጣሚውን ትከሻ፣ የገመዱን ርቀት ማወቅ አለበት። አንዴ ከተዘናጋ ዋጋ ይከፍላል። ተጋጣሚው ሲዘናጋ ግን የሚያገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ይህ እኩል ጨዋታ ነው?

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላው ነው። ተጋጣሚው አይፈራውም። ከባድ እጅ ያለው ሰው ፊት ስትቆም ትጠነቀቃለህ፣ ለመግባት ሁለቴ ታስባለህ። እጁ ቀላል የሆነው ፊት ግን ማን ያስባል? ሁለት ቡጢ ተቀብሎ አንድ ለማሳረፍ ዘው ብሎ ይገባል። እንዲህ የሚገባን ሰው በጉልበት ማቆም የማይችል ቦክሰኛ በምን ያቆመዋል? በጃብ፣ በፊተኛው እጅ በሚሰነዘር ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ። ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን በመውጣት። ሰውዬው ሊመታ ሲል እዚያ ባለመገኘት። ይህንን አንድ ዙር ማድረግ ይቻላል። ዓመት ከዓመት፣ ከዓለም ምርጦች ጋር ማድረግ ግን በጣም ጥቂቶች የቻሉት ነገር ነው። እነዚያን ጥቂቶች ነው እንግዲህ ሰውዬው ከዝርዝሩ ያወጣቸው።

ፔፕን እንየው። 229 ጊዜ አሸንፏል። ከነዚህ በዝረራ ያሸነፈው 65ቱን ብቻ ነው። በጥር 1947 የአውሮፕላን አደጋ ደርሶበት እግሩና የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ። በዚያው ዓመት ወደ ሪንግ ተመለሰ፣ ማሸነፉንም ቀጠለ። አንድም ቡጢ ሳይሰነዝር ዙር አሸነፈ የሚለውን አከራካሪ ወሬ እዚህ አላመጣም። አያስፈልገውም። በጥቅምት 1948 ከሳንዲ ሳድለር ጋር ገጠመ። ሳድለር በሕይወቱ 103 ሰው የዘረረ ነው። ፔፕን በአራተኛው ዙር ዘረረው። ተንታኙ ይሄኔ "አላልኩም?" ሊል ይችላል። በየካቲት 1949 ግን ተመልሰው ተገናኙ። ፔፕ እንደገና ሊዘርረው በሚችል ሰው ፊት 15 ዙር ቆመ። ፊቱ ተቆራርጦ፣ ዓይኑ አብጦ፣ ፍልሚያውን አሸነፈ፣ ቀበቶውንም መለሰ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፍልሚያዎቻቸው የሳድለር ነበሩ፣ አልክድም። ግን ያቺ ሌሊት ታላቅ ካላሰኘች ቃሉን ከመዝገበ ቃላት እናውጣው።

እንዲህ ያሉ ቦክሰኞች "ይሸሻሉ" የሚለውን ክስ ሳልመታው አላልፍም፣ ምክንያቱም ከሁሉም ደካማው እሱ ነው። አርጀንቲናዊው ኒኮሊኖ ሎቼ 117 ጊዜ አሸንፎ የዘረረው 14 ሰው ነው። "የማይነካው" ነበር የሚሉት። በታኅሣሥ 1968 ቶኪዮ ላይ ከሻምፒዮኑ ፖል ፉጂ ጋር ገጠመ። ፉጂ ተጋጣሚዎቹን በመዘረር የታወቀ ነበር። ሎቼ ሸሸ? አልሸሸም። እጁን ዝቅ አድርጎ ፊት ለፊቱ ቆመ፣ ገመድ ተደግፎ ጭንቅላቱን ብቻ እያዘነበለ አየር አስመታው። አሥረኛው ዙር ሲጠራ ፉጂ ከወንበሩ አልተነሳም። ራሱን ስቶ አይደለም። የሚመታው ሰው ስላጣ ነው። በቃኝ አለ። ሕዝብ እንዲህ ዓይነት ቦክስ አይወድም የሚሉም አሉ። ሎቼ በቦነስ አይረስ ሉና ፓርክ የተባለውን አዳራሽ ይሞላ እንደነበር ይጠይቁ።

ሌላው ክስ ዳኞች ናቸው የሚያድኗቸው የሚል ነው። ይሄኛው ነው ደሜን የሚያፈላው። ዳኞች ዊታከርን አዳኑት? በ1988 ፓሪስ አጠገብ ከሆሴ ልዊስ ራሚሬዝ ጋር ገጥሞ በግልጽ በልጦ ነበር። ድሉን ለራሚሬዝ ሰጡት። በቀጣዩ ዓመት እንደገና ገጥሞ አሸነፈው። ከዚያ መስከረም 10 ቀን 1993 መጣ። ሳን አንቶኒዮ፣ ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ። ቻቬዝ እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ከሦስት ዓመት በፊት በነጥብ ሲበልጠው የነበረውን ሜልድሪክ ቴይለርን ሁለት ሰከንድ ሲቀር ያስቆመ ሰው ነው። ላጲስ ያልኩት ይህንን ነው። ዊታከር ግን ለዚያ ላጲስ ዕድል አልሰጠውም። አንዴ ጎንበስ፣ አንዴ ዞር፣ በቀኝ እጁ ጃብ ሆዱን። ከመካከለኛዎቹ ዙሮች በኋላ ቻቬዝ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። ውጤቱ? አንድ ዳኛ ለዊታከር፣ ሁለቱ 115 ለ115። አቻ! ያ ውሳኔ ስርቆት ነበር፣ ከዚያ የለዘበ ቃል አላገኘሁለትም።

የተሰረቀውም እጁ ቀላል ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ዳኞችም ሰዎች ናቸው። ወደፊት የሚሄደውን፣ ከባድ ድምፅ ያለውን ቡጢ ያያሉ፣ የሳተ ቢሆንም እንኳ። ዊታከር ካሸነፋቸው 40 ፍልሚያዎች በዝረራ የጨረሰው 17ቱን ነው፣ በአራት ክብደቶች የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። እሱ በሙያው ሁሉ በዝረራ የተሸነፈው በመጨረሻው ፍልሚያው ብቻ ነው፣ በ2001። እሱም የአንገት ሥር አጥንቱ ተሰብሮ። እና ይህ ሰው ከአሥሩ አይገባም?

ተንታኙ በዚያው አፉ የሴቶችን ቦክስም "ዝረራ የለውም" ብሎ ነካ አድርጎ አለፈ። የሴቶች ዙር በአብዛኛው ሁለት ደቂቃ ነው፣ ዙሩም አሥር። 20 ደቂቃ ማለት ነው። ቦክሰኛዋ ክላሬሳ ሺልድስ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያላት ናት። መጀመሪያ የወንዶቹን 36 ደቂቃ ይስጧት፣ ከዚያ ስለ ዝረራ ያውሩ።

አሰልቺ ነጥብ ለቃሚዎች የሉም አላልኩም። አሉ። ግን አሰልቺ ዘራሪዎችም አሉ፣ ለእነሱ ማንም መለኪያ አላወጣም። የዝረራ ጉልበት በአብዛኛው አብሮ የሚወለድ ነገር ነው። አሰልጣኝ ይስለዋል እንጂ አይፈጥረውም። ፖርቶሪኳዊው ኢቫን ካልዴሮን ያ አልተሰጠውም። ካሸነፋቸው 35 ፍልሚያዎች የዘረረው በስድስቱ ነው። በ2007 በአካል ከእሱ የሚገዝፈውን ሁጎ ካዛሬስን በነጥብ አሸንፎ በሁለተኛ ክብደት ሻምፒዮን ሆነ። ያንን ችሎታ ማንም አላወረሰውም፣ በልምምድ ያመጣው ነው።

ተንታኙ አንድ ነገር ቢያደርግልኝ ደስ ይለኛል። የሳን አንቶኒዮውን ፍልሚያ ከፍቶ ድምፁን ያጥፋው። አዳራሹን የሞላው የቻቬዝ ደጋፊ ነው፣ ጩኸቱ ያሳስታል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዝ። ከስድስተኛው ዙር ጀምሮ ያረፈውን ቡጢ ብቻ ይቁጠር፣ ለሁለቱም። ከዚያ ዝርዝሩን እንደገና ያንብብልን።