ጫማው ደርሷል፣ ካልሲውስ?

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሐበሻ ከሚፈቀዱለት ሁለት የ23 ኪሎ ሻንጣዎች በአንዱ የሩጫ ጫማ ካልያዘ የሚያስገርምበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። የእህት ልጅ ሱሉልታ ይለማመዳል፤ የጎረቤት ልጅ ክለብ ለመግባት ሙከራ ላይ ነው፤ የአክስት ልጅ ደግሞ በኅዳር ለሚካሄደው ታላቁ ሩጫ እየተዘጋጀች ነው። «ጋሼ፣ ቁጥሩ 42 ነው፤ ቀለሙ እንደፈለጉ ይሁን» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይደርስና ጫማው ተገዝቶ ይሄዳል። ልማዱ ደግ ነው፤ እኔም እሳተፍበታለሁ። ይሁንና በሁለቱም አገር ሯጮችን በቅርብ ሳይ የምታዘበው፣ ሯጭን ከልምምድ የሚያስቀረው ሥቃይ ብዙውን ጊዜ ከጫማው ዋጋ ጋር የማይገናኝ፣ እኛም ሻንጣችን ውስጥ ልናስገባው የማናስበው ጥቃቅን ነገር መሆኑን ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ በሐምሌ ወር ማለዳ የሮጠ ሰው የምለውን ያውቃል። አየሩ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ላብ አይተንም፤ ካናቴራው ከገላ ጋር ይጣበቃል፤ ጨው የያዘው ጨርቅ በእያንዳንዱ እርምጃ ብብትንና የጡት ጫፍን ይፈትጋል፤ የጭን ውስጥም እርስ በርሱ እየተፋተገ ይላጣል። ማራቶን ሲያልቅ ነጭ ካናቴራቸው ላይ ሁለት የደም መስመር ይዘው የሚገቡ ወንዶችን ማየት እዚህ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ከመነሳት በፊት የሚቀባ ቫዝሊን ወይም የጡት ጫፍ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ነው፤ ዋጋው ከቡና አይበልጥም። ከአዲስ አበባ አዲስ የመጣ ሯጭ ግን ይህን ሥቃይ የሚያውቀው ሻወር ገብቶ ውሃው ሲያቃጥለው ነው፤ ምክንያቱም ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ያለው ደረቅና ቀዝቃዛ የማለዳ አየር ላቡን ወዲያው ያደርቅለት ነበር። እንዲያውም እዚያ ያሉ አትሌቶች በቱታ ላይ ቱታ ደርበው፣ ኮፍያ አጥልቀው ሲለማመዱ ማየት የተለመደ ነው።

የአገር ቤቱ ጣጣ ሌላ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ እግር ጫማው ውስጥ ወደፊት እየተንሸራተተ የአውራ ጣት ጥፍር ይመታል፤ ይጠቁራል፤ ውሎ አድሮም ይወልቃል። ይህን ያህል የሚጎዳው በተለይ በጥንቃቄ ሳይለካ ከውጭ በተላከ ጫማ የሚሮጠው ልጅ ነው። እግር በረጅም ሩጫ ያብጣል፤ ስለዚህ የሩጫ ጫማ ከጣት ጫፍ እስከ ጫማው አፍንጫ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ሊኖረው ይገባል። አንዱ ኩባንያ 42 ያለውን ሌላው 42 ተኩል ይለዋል፤ «ቁጥሩ 42 ነው» የሚለው መልእክት እንግዲህ ብዙም አይነግረንም። ማታ፣ እግር ከውሎ በኋላ ሰፋ ሲል፣ ወረቀት ላይ ተቁሞ በእርሳስ ቢከበብና ርዝመቱ በሴንቲሜትር ቢላክ ከቁጥሩ የበለጠ ይጠቅማል።

በአንጻሩ አገር ቤት ያለው ሯጭ በገንዘብ የማይገዛ እውቀት አለው፤ እሱም የመሬት እውቀት ነው። በሱሉልታና በእንጦጦ የሚለማመዱ ቡድኖች አስፋልትን በቁጥብነት ይጠቀማሉ። የቀረውን ቀን ባሕር ዛፍ መሃል ለስላሳ አፈር እየመረጡ፣ በሰልፍ እየተከታተሉ፣ ከፊት ያለው የረገጠበትን እየረገጡ ይሮጣሉ። ከኋላ የሚሮጠው የፊተኛውን አረጋገጥ ያያል፤ ሲያነክስም ከራሱ ቀድሞ ይነግረዋል። እኛ እዚህ በጆሮ ማዳመጫ ተከልለን፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የሲሚንቶ የእግረኛ መንገድ ላይ ብቻችንን እንሮጣለን፤ ከፖቶማክ ወንዝ ጎን የሚሄደው የሲ ኤንድ ኦ ካናል የአፈር መንገድ ቅርባችን ሆኖ ሳለ። ጉልበታችንን ሲያመን ግን የምንሮጠው ወደ ሱቅ ነው።

በሱቁ ውስጥ ሻጩ በመሮጫ ማሽን ላይ አስሮጦ፣ በካሜራ ቀርጾ፣ «እግርህ ወደ ውስጥ ይዘነበላል» ብሎ ለዚያ የተሠራ ጫማ ያወጣል። ሥርዓቱ ሳይንስ ይመስላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 የታተሙ የአሜሪካ ጦር ጥናቶች ለምልምሎች በውስጥ እግራቸው ቅርጽ መሠረት ጫማ መመደብ ጉዳትን ይህ ነው በሚባል መጠን እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ቤኖ ኒግና ባልደረቦቹም በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ሯጩ ራሱ ሲያጠልቀው የሚመቸውን ቢመርጥ እንደሚሻል ሐሳብ አቅርበዋል። የእዚህ አገር ሯጭ እውነተኛ ዕድል ማሽኑ አይደለም፤ አምስት ጥንድ ለክቶ አራቱን መመለስ መቻሉ ነው። መርካቶ ላይ ፎርጅዱን ከኦሪጅናሉ ለመለየት የሚጨነቅ ልጅ ይህ ዕድል የለውም።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። አዎን፣ በ1960 ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል፤ ባዶ እግሩን የሮጠውም የተገኘው ጫማ ስላልተመቸው እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቷል። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ከዚያ 18 ሰከንድ በፈጠነ ሰዓት የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር አንዱ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥና አምራቹ ራሱ ለአንድ ማራቶን ብቻ የታሰበ ነው ያለውን ጫማ አድርጋ ነበር። የባዶ እግሩን ታሪክ የምንወደውን ያህል፣ ድህነትን የጥንካሬ ምንጭ አድርገን ለልጆቹ ባንሰብክላቸው መልካም ነው።

ያገለገለ ጫማ መላክም አለ። የሩጫ ጫማ ሶል ውስጥ ያለው ፎም ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ ላዩ ንጹሕ ቢሆንም የመለጠጥ አቅሙ ይዳከማል። አገር ቤት ደርሶ ሲቀደድ ጫማ ሰፊው በማስቲሽ ያጣብቀዋል፤ ለክረምት ጭቃ ያህል ይቆያል፤ የሞተውን ፎም ግን ማንም አይሰፋውም።

ወደ ካልሲው ልመለስ። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ይቀራል፤ ቆዳው ይርሳል፣ ይለሰልሳል፣ በፍትጊያው ውሃ ይቋጥራል። ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ያለው ልጅ 150 ዶላር የወጣበትን ጫማ አድርጎም ያነክሳል። ላብ የሚያሳልፍ ካልሲ ስድስት ጥንድ ቢላክ የአንድ ጫማ ካርቶን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ቫዝሊኑ እዚያው በየሱቁ አለ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ማንም የማይጠይቀው ዕቃ ነው። ሴት ሯጮች ደረትን አጥብቆ የሚይዝ የስፖርት ጡት ማስያዣ ያስፈልጋቸዋል፤ ልኩ ያልሆነው ትከሻ ይቆርጣል፣ ከጡት ሥር ይልጣል፣ አንዳንዷን ሁለት የዘወትር ማስያዣ ደራርባ እንድትሮጥ ያስገድዳል። የትኛዋ የአክስት ልጅ ናት ታዲያ ይህን ለወንድ ዘመዷ በቴሌግራም የምትጽፈው? ጫማ ትጠይቃለች፤ ጫማው ይላክላታል። በእኛ ቤት ይህ ነገር መስመር የያዘው ባለቤቴ ልጆቹን ራሷ እየደወለች መጠየቅ ከጀመረች ወዲህ ነው፤ የሚመጣው ዝርዝርም ጫማ ያለበት ከስንት አንዴ ነው።