የአልዩ አምባን አሞሌ ከነስሙ አሳዩን

ባለፈው አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ሙዚየም ገባሁ። አሞሌ ጨው መስታወት ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ከሥሩ ያለችው ወረቀት ደግሞ በጥንት ጊዜ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር ትላለች፣ በቃ። ከየት ገበያ ተገኘ፣ ማን በምን ጭኖ አመጣው፣ ምን ተገዛበት፣ ምንም የለም። አበሻ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይላል አይደል፣ እዛ መስታወት ፊት ቆሜ ያየሁት ልክ እሱን ነው፣ ድንጋይ የሆነ ጨው።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ስለዚህ አሞሌ ሲባል ወዲያው የሚመጣብኝ አልዩ አምባ ነው። ለማታውቁት፣ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው ስትወርዱ የምታገኟት ከተማ ናት፣ ዛሬ ትንሽ ናት፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን የሸዋ ትልቁ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ወደብ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በግመል እዚህ ይደርሳል፣ የሐረር ነጋዴ አለ፣ አርጎባው አለ፣ የደጋው ሰው ደግሞ እህሉንና በቅሎውን ይዞ ይወርዳል፣ ዓርብ ዓርብ ገበያው ይቆማል፣ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ከታች ይመጣል፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ከላይ ይወርዳል፣ ንጉሡም ቀረጡን ይሰበስባል። በ1834 ዓ.ም (በፈረንጅ 1841) ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመው በዚሁ መንገድ መጥቶ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ዘሎ ስለ አልዩ አምባ መጻፍ ደግሞ ነውር ነው። እዛው አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባል ገበያ ነበር፣ እዛ የሚሸጠው ሰው ነው። ከደቡብና ከምዕራብ ተነድተው የመጡ ልጆችና ሴቶች በዚሁ መንገድ ወደ ባሕሩ ወርደዋል። ስለ ጨውና ስለ ቡናው ብቻ የሚያወራ ወረቀት እነሱን ሁለተኛ ይሸጣቸዋል፣ እኔ እንደዛ ነው የሚሰማኝ።

አያቴ (ነፍሷን ይማርና) ከእናቷ የሰማችውን ስትነግረን፣ አሞሌ ጫፉ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፣ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ብርህ ቀለጠ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቅሉታል ትል ነበር። እስቲ አስቡት፣ ገንዘብህን እንደ ቋንጣ ጭስ ላይ ሰቅለህ ስትጠብቅ። ይሄ አንድ ዓረፍተ ነገር ሙዚየሙ ወረቀት ላይ ቢጻፍ ልጆች ፊቱ ሳይቆሙ አያልፉም።

የሷን ጠገራ ደግሞ አልረሳውም። የማርያ ትሬዛ ብር ነው፣ የፈለገ ጊዜ ይመታ ላዩ ላይ ሁሌም 1780 ነው የሚለው፣ 28 ግራም ይመዝናል። አንገቷ ላይ በክር ታደርገው ነበር፣ ጠርዙ በመነካካት ብዛት ልስልስ ብሎ ነበር። የድሮ ነጋዴ እውነተኛነቱን የሚለየው ብሩ ላይ የተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ አይቶ ነው፣ ዘጠኙን ሉል በጥፍሩ እየነካ ይቆጥራል፣ አንዱ ከጠፋ አልቀበልም ይላል። አያቴም ለኛ በጥፍሯ እየነካች ታስቆጥረን ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ሠርግ ደረሰ፣ ጠገራውን አንጥረኛ ጋ ወስደው አቀለጡት፣ አሁን የአክስቴ ልጅ ጣት ላይ ቀለበት ነው። ማንንም አልወቅስም፣ ብር ነው፣ የነሱ ነው፣ ግን ያን ቀን ብንመዘግበው ፎቶ ብናነሳው ኖሮ እላለሁ።

አልዩ አምባን ያዳከማት ሌላ መንገድ ነው። ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዛም ወደ አዲስ አበባ ሲዞሩ ንግዱም ተከትሏቸው ሄደ፣ በኋላ የጅቡቲው ባቡር በፈረንጅ 1902 ድሬዳዋ፣ 1917 አዲስ አበባ ሲገባ ግመሉ በአንኮበር ቁልቁለት የሚመጣበት ምክንያት አለቀ። ዕቃውም ነጋዴውን ተከትሎ ነው የተበተነው፣ ገሚሱ ዋና ከተማ፣ ገሚሱ ውጭ አገር፣ የቀረው በየሰው ቤት ሳጥን ውስጥ።

ታዲያ ምን ይደረግ ካላችሁኝ፣ ሁሉንም ዕቃ መልሱልን አልልም፣ መጀመሪያ ስሙን መልሱልን። የት እንደተገኘ የሚታወቅ ዕቃ ወረቀቱ ላይ ቦታው ይጻፍ፣ የማይታወቀው አሞሌ እንኳ በየትኞቹ ገበያዎች ይዞር እንደነበር ይጻፍበት፣ አልዩ አምባም እዛ ውስጥ ትግባ። ሁለተኛ፣ አልዩ አምባ ላይ ራሷ አንድ ክፍል ይከፈት፣ ፎቅ አያስፈልግም፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ቁልፍ ያለው ቤት ይበቃል። ሰው ዕቃዬን መንግሥት ይወስድብኛል ብሎ ነው የሚደብቀው፣ የቅርስ አዋጁ 209/1992 ግን ቅርስ በግለሰብም እጅ ሊሆን ይችላል ይላል፣ ይሄን ለባላገሩ በቋንቋው ማስረዳት የባህልና ቱሪዝም ሰዎች ሥራ ነው። አስመዝግቦ ቤቱ ያስቀምጥ፣ ከፈለገም ለሙዚየሙ ያውስ፣ ስሙም ከዕቃው ሥር ይጻፍለት።

የኔ ቤት ጠገራ አልፏል። አንኮበር፣ አልዩ አምባ፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ብርሃን ያላችሁ ግን ሳጥናችሁን ክፈቱ፣ ሚዛንም ይሁን ጠገራ የተገኘውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ የማን እንደነበር፣ ከየትኛው ገበያ እንደመጣ አዛውንቶቹን ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉት።