ጋቢና የኔ ነው!

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር ተቀምጠን ዓሣ እየበላን ነበር። አራት ነን፤ ከልጅነት ጀምሮ ያልተለያየን። አንዱ ድንገት «መንገዱ ሰላም ሲሆን በመኪና አርባ ምንጭ እንሂድ» አለ። በቃ፣ ያለው ይህን ብቻ ነው። ቀን አልተቆረጠም። መኪናው የኔ ነው፤ እኔም እሺ አላልኩም። ሌላኛው ግን የዓሣውን አጥንት ከአፉ ሳያወጣ እጁን አነሳ።

«ጋቢና የኔ ነው!»

ይኸው ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ንዴቴ አልበረደም።

ጋቢና ወንበር ብቻ አይደለም፤ ሥራም አለው። ባለጋቢና ሾፌሩን ያጫውታል። ብርቱካን ይልጣል። የሾፌሩን ስልክ ያነሳል። ላም መንገድ ስትገባ ከሾፌሩ እኩል ይደነግጣል። የኛ ባለጋቢና የሚያውቀው መተኛት ነው። መተኛት ከሆነ ኋላ ወንበር ምን አለው?

በ2011 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ሐዋሳ ሄደን ነበር። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እናቴ ስትሰማ «ሐይቅ ትታችሁ ሐይቅ ልታዩ?» አለች። መልስ አልነበረንም። ባለጋቢናው መራዊን ሳናልፍ ማንኮራፋት ጀመረ። ዳንግላ ላይ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ማርሽ ስቀይር ይነቃና «ቀስ በል እንጂ!» ይለኛል። ቡሬን አለፍ እንዳልን ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታውን አወረድን፣ ክሪክ ገባ፣ መኪናው ከነባለጋቢናው ወደ ላይ ተነሳ። ጎማ ቀይረን መኪናውን ስናወርደው ዓይኑን ገለጠ።

«ደረስን እንዴ?»

የተነፈሰውን ጎማ ፍኖተ ሰላም ጎሚስታ ቤት አስጠገንን። 80 ብር ከፈልኩ። ሁለቱ ድርሻቸውን እዚያው ሰጡኝ። እሱ «እኔ እኮ ተኝቼ ነበር» አለ። እንቅልፍ ከመዋጮ ነፃ እንደሚያወጣ ያን ቀን ነው የሰማሁት። 20 ብሬ እስከ ዛሬ እሱ ጋ ናት። ብሩ አይደለም የሚያናድደኝ። እሺ፣ ብሩም ያናድደኛል፤ ያኔ 20 ብር ብር ነበረች።

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ መውረድ ጀመርን። ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ጆሮ ይደፈናል፣ ፍሬን ይሸታል፣ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ከታች ይመጣል። ውሃ አቀብሉኝ ስል ውሃ የለም። ሰውዬው በየእንቅልፉ መሀል እየነቃ ሁለቱንም ሃይላንድ ጨርሶታል። ጃፓኖች የሠሩት ድልድይ ላይ ስንደርስ አባይ ከሥራችን ይፈሳል። ያ ውሃ ከጣና የወጣው እኛው ከተማ ላይ ነው። የኔ ምላስ ግን ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው!

ይህን ተረት በጣም ነው የምወደው። ሌላው አገር ምሳሌ ነው፤ ባሕር ዳር ግን ዜና ነው። ባለፈው ሰሞን የሰፈራችን ቧንቧ ለአራት ቀን ደረቀ። ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ደጃችን ተኝቶ እኛ ቢጫ ጀሪካን ይዘን እንዞራለን። ስንጠይቅ «መስመር ላይ ችግር አለ» ይሉናል። መስመሩ የት እንደሆነ የሚነግረን የለም። ውሃው ሲመጣም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቤተሰቡ ሌባ እንደገባ ሁሉ በጨለማ ይተራመሳል። አያስቅም። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ባልዲ ለመሙላት ከእንቅልፏ መነሳት አልነበረባትም።

ጢስ አባይስ ቢሆን? አንድ ዓመት ሐዋሳ የተዋወቅነው ልጅ ሊጠይቀን መጣ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። 30 ኪሎ ሜትር ያህል አቧራ ጠጥተን ፏፏቴው ጋ ደረስን። የጣና በለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙው ውሃ ከሐይቁ በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። እኛን የጠበቀን ቋጥኝና ከጥግ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው።

«ጢሱስ?» አለኝ እንግዳዬ።

«መብራት ሆኗል» አልኩት።

የዚያን ዕለት ማታ መብራት ጠፋ።

ጋቢናውን ረሳሁት! ትናንት ባለጋቢናው ደወለልኝ። «ለአርባ ምንጩ የአንገት ትራስ ገዛሁ» አለ፤ ድምፁ ላይ ደስታ አለ።

«ስንት ገዛኸው?»

«900 ብር። ርካሽ ነው አይደል?»

20 ብሬን ልጠይቀው አፌን ስከፍት ማድ ቤት ውስጥ ቧንቧው መንፏፏት ጀመረ። ስልኩን ወርውሬ ወደ ጀሪካኖቹ ሮጥኩ።