ስማችሁን ደብቃችሁ የሰው ስም ለምታጎድፉ

ወገኖቼ፣ ስለ ቅጅ መብት ሕግ መከራከር ነውር የለበትም። አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ነው፤ ያኔ ቴሌግራም የሚባል ነገር አልተፈጠረም፣ ሌብነቱም በካሴት ግልባጭ ነበር። በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎ የሮያሊቲ፣ ማለትም ባለመብቱ ሥራው ሲጠቀሙበት የሚያገኘው ክፍያ፣ አሰባሰብና ይህን ክፍያ ለአባሎቻቸው የሚሰበስቡት የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ጉዳይ ገባበት። ዛሬም ይሻሻል የሚል ሰው የሚለው አለው፤ አይነካ የሚልም እንዲሁ። ባለፈው ሰሞን ያደረጋችሁት ግን ክርክር አይባልም።

ላላየ ልንገረው። ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ስለ አዋጁ መሻሻል ውይይት ተደርጎ በቴሌግራም በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ወይዘሮ ማይክሮፎን ተቀበሉ። ባለቤታቸው መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል፤ ትተውላቸው የሄዱት አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ነው። 240 ገጹን፣ በማተሚያ ቤት አነጋገር 15 ፎርሙን፣ እንደገና ለማሳተም ወይዘሮዋ ዕቁባቸውን አፍስሰውበታል። ማተሚያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ሳይቀበል ሥራ አይጀምርም፤ መጻሕፍት ቤቱ ደግሞ የሚከፍለው የተረከበውን ሲሸጥ ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚሸከመው ያሳተመው ሰው ነው። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ወር ሳይሞላው አንድ ቻናል ሙሉውን በስልክ አንስቶ ለቀቀው። ወይዘሮዋ የተናገሩት ይህንኑ ነው። ማንንም አልተሳደቡም፤ ይታሰርልኝ አላሉም። «እባካችሁ አውርዱልኝ ብዬ ጻፍኩ፤ ብሎክ አደረጉኝ» አሉና ተቀመጡ።

እናንተም ወረዳችሁባቸው። ከልጃቸው የምታንሱ ሰዎች «አንቺ» አላችኋቸው። አንዱ «ከሬሳ ኪራይ ትሰበስቢያለሽ ወይ» ብሎ ጻፈ። ሙት ወቃሽ አያድርገን እየተባለ በሚያድርበት አገር፣ መምህሩ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ከየት ቀድተው እንደጻፉት የሚጠይቅ ሌላ ተነሣ፤ ማስረጃ የለ፣ ገጽ የለ፣ እንዲያው ነገር። ሦስተኛው መጣና ያንኑ ፒዲኤፍ፣ ሴትዮዋ ገና ወንበራቸው ላይ ሳይደላደሉ፣ ከንግግራቸው ሥር ለጠፈው። «ለማዘር ስጦታ» የሚል ጽሑፍም አከለበት። የሳቅ ኢሞጂው ዘነበ። አላበቃም፤ መጽሐፉ የውስጥ ገጽ ላይ በብዛት ለሚገዙ ትምህርት ቤቶች ተብሎ የታተመውን ስልክ ቁጥራቸውን ፎቶ አንስቶ የለጠፈም ነበር። ሌሊቱን ሲደወልላቸው አድሮ በማግሥቱ ስልካቸውን ዘጉ። መጽሐፉን ለመግዛት የሚደውል ትምህርት ቤት ካለም የሚያገኘው ዝግ ስልክ ነው።

ይህን ይቅር ማለት አልተቻለኝም።

ያ «ስጦታ» ምን እንደሆነስ ከፍታችሁ አይታችሁታል? አንሺው መጽሐፉን ዘርግቶ ሁለት ሁለት ገጽ ነው ያነሣው፤ 120 ፎቶ፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ። በየገጹ ጠርዝ አውራ ጣቱ ይታያል። የስካን አፑ የወረቀቱን ጠርዝ ራሱ እየገመተ ስለሚቆርጥ የግርጌ ማስታወሻዎቹ በየቦታው ተገምሰዋል። ሁለት ቅጠል ተጣብቆ ታልፎበት ገጽ 112 እና 113 የሉም፤ የግስ እርባታው ሰንጠረዥ ያለው እዚያ ነበር። ፋይሉ በዳታ ለማውረድ እንዲቀል ተብሎም ተጨምቋል። የእኛ ፊደል ደግሞ መጨመቅ አይችልም። ቡ እና ቢ የሚለያዩት ቅጥያዋ ከወገብ ወይም ከእግር በመሆኗ ብቻ ነው፤ ፎቶው ሲደበዝዝ ቅጥያዋ ትጠፋለች። ሰዋስው የሚማር ልጅ ካዕቡን ከሣልሱ መለየት በማይችልበት ገጽ ላይ ምን ሊማር ነው? «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው ገጽ ግን በስሕተት አልታለፈም፤ በምትኩ የቻናሉ አርማ ገብቷል፣ ከሥሩም የማስታወቂያ ዋጋ መጠየቂያ አድራሻ። ዕውቀት በነፃ ይዳረስ ባዮቹ እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

ሕጉን ጠቅሳችሁ የጻፋችሁም አላችሁ፣ በድፍረት። «አልተመዘገበም፣ ስለዚህ መብት የለውም» ላላችሁ፦ አዋጁ ጥበቃውን የሚሰጠው ያለ ምንም ፎርማሊቲ፣ ማለትም ምዝገባ ወይም ሌላ ሥርዓት ሳይጠይቅ ነው። ሥራው ወጥ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ይበቃል። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሣ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ መብቱን አይፈጥረውም። «ሞቷል» ላላችሁ፣ የኢኮኖሚ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል፤ ለወራሽ የሚተላለፍ ነው። «ስሙን ጠቅሰናል» የሚለው ለጥቅስ ይሠራል፤ 240 ገጽ ጥቅስ የሚባልበት አገር የለም። «አልሸጥነውም» ያለው ደግሞ ወንጀሉ መሸጥን የሚጠይቅ መስሎታል። በ1996ቱ አዋጅ አንቀጽ 36 መሠረት ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከ1 እስከ 5። የሞራል ካሣውም ከ100 ሺህ ብር አያንስም።

ቅጣቱ እንደ እኔ አስተያየት ከልኩ ያለፈ ነው። አንድ ፒዲኤፍ የለቀቀን ተማሪ ቢያንስ 5 ዓመት የሚያሳስር ሕግ ባለመብቱንም ከመክሰስ ያሳቅቀዋል። ይሻሻል ከተባለ ይህ አንቀጽ ለውይይት ቢነሣ እሰየው ነበር። እናንተ ግን ያን ሁሉ ስድብ ስታወርዱ አንቀጽ 36ን የጠራ አንድ ሰው በመካከላችሁ አልነበረም።

ስለ ስም መደበቅ አንድ ነገር ላንሣ። ስም መደበቅ በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። አለቃውን የሚፈራ ሠራተኛ፣ መምህሩን የሚተች ተማሪ በብዕር ስም ቢጽፍ ይገባኛል። የምትረግሙት አዋጅ ራሱ በአንቀጽ 8 ደራሲ ስሙን የመደበቅ ወይም በብዕር ስም የመጠቀም መብት እንዳለው ደንግጓል። በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ግን ሐሳቡን ያስቀምጣል፤ እናንተ ያስቀመጣችሁት የአንዲት ባልቴት ስልክ ቁጥር ነው። የራሳችሁን ቁጥር «ማንም አይየው» የሚለው ላይ አድርጋችሁ፣ በቻናል ስም ኮሜንት እየሰጣችሁ፣ የእሳቸውን አደባባይ አወጣችሁት። የፈራችሁት ምንድን ነው? መንግሥት አላሳደዳችሁ፣ ወይዘሮዋ ጡንቻ የላቸው።

እኛስ? ላይቩን ከሚከታተሉት መካከል መጽሐፉን የተማረበት አልጠፋም፤ ፋይሉ ሲለጠፍ ሪፖርት የሚለውን የተጫነ ስንቱ ይሆን? ጣታችን ከስክሪኑ አልራቀ። ዝም አይነቅዝም ብለን ዝም አልን። የቡድኑ አድሚን እንኳ ፋይሉን ያነሣው በማግሥቱ ነው፤ እስከዚያ በየቡድኑ ፎርዋርድ ተደርጎ አልቋል፤ ዋናው ቢሰረዝም ፎርዋርዱ አይሰረዝም።

አሁንም የሚሠራ ሥራ አለ። ፋይሉን ያያችሁ፣ ከማስጠፋታችሁ በፊት ማስረጃውን ያዙ። የቻናሉ ስም፣ ቀኑና የተመልካቹ ቁጥር በአንድ ላይ የሚታይበት ስክሪንሾት አንሡ፤ መልእክቱን ተጭናችሁ ሊንኩን ኮፒ አድርጉ፤ ቻናል ስሙን በአንድ ደቂቃ ስለሚቀይር የስሙ ፎቶ ብቻውን ዋጋ የለውም። ፒዲኤፉን አውርዳችሁ ስሙን ሳትለውጡ አስቀምጡ። ከዚያ ለወይዘሮዋ ስጧቸው፤ ቴሌግራም ለቅጅ መብት አቤቱታ ያዘጋጀው ኢሜይል የሚፈልገው የባለመብቱን ወይም የወኪሉን ማመልከቻ ከነሊንኩ ነው። ፍርድ ቤትም ጊዜያዊ እግድ መስጠት ይችላል፤ ባዶ እጁን ለመጣ ግን ምን ብሎ ይስጥ? ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ተናዶ መጀመሪያ ይሳደባል፣ ቻናሉ ብሎክ ያደርገዋል፣ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል።

መጽሐፍ ተወደደብን የምትሉት እውነት ነው። ወረቀት ተወዷል፣ ቀለም ተወዷል፣ የተማሪ ኪስ ያው ነው። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ሩቅ አይደለም። ወይዘሮዋን «ለክፍላችን ተማሪዎች በቅናሽ ይስጡን» ያላቸው ሰው ቢኖር ምን እንደሚመልሱ መገመት አያቅትም፤ ስልካቸውን መጽሐፉ ላይ ያሳተሙት ለዚሁ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ውርጅብኝ መካከል ግን አንድ አለ። እሱም ስሙን የደበቀ ነው፤ ፎቶ እንኳ የለውም። «አንቀጽ 9 ለግል አገልግሎት አንድ ቅጂ መውሰድ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 12 ቤተ መጻሕፍት የጠፋውን እንዲተካ ይፈቅዳል። ከገበያ የጠፋና ወራሹ የማይታወቅ መጽሐፍስ? ማሻሻያው ስለዚህ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ። ሳቁና ስድቡ እየወረደበት ወደ ላይ ተገፋ፤ መድረክ ላይ ያሉት አላዩትም፣ ከእናንተም የመለሰለት የለም።

ደክሞኛል፤ ይህን ጽፌ የሚታረመው ስንቱ እንደሆነም አላውቅም። ማሻሻያው ምክር ቤት ደርሶ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ ግን ለሕዝብ አስተያየት መድረክ መከፈቱ አይቀርም። ስምህን ባላውቅም፣ ወንድሜ ወይም እኅቴ፣ ጥያቄህን ያን ቀን ይዘኸው ና። በብዕር ስምም ቢሆን ጻፈው፤ አንቀጾቹን እንደ ጠቀስካቸው ጥቀሳቸው። ወይዘሮዋም ከመጡ አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥ።