እርማት፦ በማልዲቭስ ቢኪኒ ክልክል ነው?

እህቴ፣ «ማልዲቭስ የሙስሊም አገር ስለሆነች ሴት ቱሪስት ቢኪኒ መልበስ አትችልም፣ መጠጥም የለም» ብለሽ ጽፈሻል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም። ወሳኙ የምታርፊበት ደሴት ነው።

ሪዞርቶቹ ያሉት የአገሬው ሰው በማይኖርባቸው ደሴቶች ላይ ነው። የመጀመሪያው፣ ኩሩምባ፣ የተከፈተው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ ቢኪኒም መጠጥም ይፈቀዳል።

ሕዝብ የሚኖርባቸው ደሴቶች ግን ሌላ ናቸው። አልኮል አይሸጥም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ይጠበቃል። ማፉሺን ውሰጂ። ለቱሪስት የተለየ የቢኪኒ ቢች አላት። ከዚያ ስትወጪ ቲሸርትና ሻርፕ ጣል ማድረግ ነው፣ በቃ። በ2020 እ.ኤ.አ. አንዲት ቱሪስት እዚያው ማፉሺ መንገድ ላይ በቢኪኒ ስትሄድ ፖሊሶች እየታገሉ ያዟት። ቪዲዮው ሲዛመት የፖሊስ አዛዡ አያያዙ ልክ እንዳልነበር አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። እውነት ነው፣ እንደዚያ መያዝ አልነበረባትም። ግን መንገዱ የሰው ሰፈር ነው፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፣ አዛውንቶች ወደ መስጊድ የሚያልፉበት።

ደግሞ ሻንጣሽ ውስጥ የአልኮል ጠርሙስ እንዳትይዢ። ሪዞርት ብትሄጂም ኤርፖርት ላይ ጉምሩክ ይይዘዋል።