ቅንድቧን ስታነሳ "አዎ" ማለቷ ነው

ጅማ ውስጥ ተመራቂ ተማሪዎችን ለመውጫ ፈተና አለማምዳለሁ። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ልምምዱም በኮምፒውተር ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ አንድ ጥያቄ ላይ ቆማ ቀረች። አንዱን መልስ መረጠች፣ ቀየረች፣ ተመልሳ እሱኑ መረጠች። ጠጋ ብዬ "ገባሽ?" አልኳት። ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። አዎ ማለቷ ነው። ግን አልገባትም ነበር።

ይህን ያነሳሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስሜትን ከፊት የሚያነብ ካሜራ ኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ ይገጠም ስላለ ነው። በቅንነት ነው ያለው። ክፍሉ ሲሞላ ማን እንደጨነቀው፣ ማን እንደሰለቸው መለየት በእውነት ያስቸግራል። እኔ ግን አልስማማም።

ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሰው ስሜት የትም አገር ፊት ላይ አንድ ዓይነት ነው ብለው ይነሳሉ። ከፍ ያለ ቅንድብ ለእነሱ መገረም ነው። እኛ ጋ እሺታ ነው። መምህር ፊት አንገት መድፋትም አክብሮት እንጂ መሰላቸት አይደለም። የእኛዋ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከባልደረባዋ ጆይ ቡላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ ጾታን ከፊት የሚለዩ ፕሮግራሞች ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ይሳሳቱ ነበር። ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጾታን እንዲህ የሳተ፣ የልጆቼን ጭንቀት ያውቃል ብዬ እንዴት ልመን? የአውሮፓ ኅብረትም ከሕክምናና ከደኅንነት ጉዳይ በቀር፣ በትምህርት ቤት ከፊትና ከድምፅ ስሜት መገመትን እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ከልክሏል።

ኮምፒውተሩ ምንም አይርዳን ማለቴ አይደለም። ጥያቄው ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየች፣ ስንቴ መልስ እንደቀየረች ያውቃል። ሳታነብ ዝም ብላ የምትጫን ከሆነም ያስታውቃል። ይህ በቂ ፍንጭ ነው፤ ካሜራም አይፈልግም። ተመራማሪዎቹ ሲድኒ ድሜሎና አርተር ግሬሰር ለዓመታት ያጠኑት እንደሚያሳየው ደግሞ ግራ መጋባት ራሱ ጠላት አይደለም። መውጫ ካገኘ ትምህርቱን ያጠልቀዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ "7ኛው ጥያቄ ላይ ቆማለች" ብሎ ለመምህሩ ይንገር። ከዚያ በኋላ ያለው የመምህሩ ሥራ ነው።

ያን ቀን ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "እስቲ ጥያቄውን በራስሽ አባባል ንገሪኝ" አልኳት። በኦሮምኛ ጀመረች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ድንገት ቆም አለችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። "ኤክሴፕት" ("በስተቀር") የምትለዋን ቃል ዘልላት ኖሯል።