ስፒከሩን እቤት ተዉት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አራት ሆነን እንጫወታለን። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ። ሙዚቃ የማናችንም እንጀራ አይደለም። አድማጮቻችን ጡረተኞች ናቸው።

መጀመሪያ ስንጫወትላቸው ትልልቅ ስፒከር ተከራየን። ማክበራችን ነበር። ግማሾቹ ወንበራቸውን እየያዙ ወደ ኋላ ሸሹ። መጨረሻ ላይ አንድ የቀድሞ መምህር ጠሩኝና «ልጄ፣ ጩኸቱ ደርሶኛል፤ ግጥሙ ግን አልደረሰኝም» አሉኝ። ቅኔ እየሰማ ያደገ የጎጃም ሽማግሌ ዘፈን የሚሰማው ለቃሉ ነው። ሰሙን ይዞ ወርቁን ይፈልጋል። ስፒከር ካንባረቀበት ወርቁ ቀርቶ ሰሙም አይያዝም።

ለጡረተኞች ዝግጅት ኪቦርድና ስፒከር የሚያስመጡ ሰዎች ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን አልስማማም። ጉዳዩ የጆሮ ብቻ አይደለም። በአዝማሪ ወግ አድማጭ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል። ስፒከርን ማን ተቀበል ይለዋል? አሁን መሃላቸው ነው የምንቀመጠው። በቀደም አንዲት እናት ከተቀመጡበት እንዲህ አሉ፦

ስልሳ ሞላሽ ብለው ቢያወጡኝ ከሥራ፣
ትከሻዬ ገና አልረሳም ጭፈራ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማሲንቆ መቺያችን ሁለቴ ደገመላቸው።

ጣጣም አለው። በዕድሜ ከፍ ያለ ድምፅ ማውጣት ይከብዳል፤ በእኛ ቅኝት ከዘፈኑ ይታነቃሉ። የክራሩ ክር ላላ ይደረጋል። ዋሽንት ግን አይላላም፤ ረዘም ያለ ሌላ መያዝ ነው። የእኛው ልጅ ሦስት ይዞ ይዞራል። ክረምት ላይ የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ድምፁ ይሞታል። በሁዳዴ አንጫወትም፤ ብንጫወትስ ማን ሊመጣ!

ከሁሉ የከበደን የሽልማቱ ነገር ነበር። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ደስ የሚል ወግ ነው። በጡረታ ብር ለሚኖር ሰው ግን ጭንቅ ነው። ጎረቤታቸው ሲሸልም እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የተሸማቀቁ አባት አይቻለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ቀሩ። አሁን ገና ሳንጀምር «የዛሬው ሽልማት ግጥም ነው» ብለን እንናገራለን። ለእኚያ አባትም ሰው ልከን ይህንኑ ነገርናቸውና መጡ። ግጥምስ አልሰጡም። ከበሮውን ከመቺያችን ተቀብለው እስኪመሽ መቱ።